የገፋና ያለፈ
«ሶሪ» ማለት ይቅርታ መጠየቅ ነውን?

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በኬንያታም ሆነ በሞይ ጎዳና፣ በሥራ መውጫ ሰዓት በሕዝብ መካከል የሚያልፍ ሰው ድንገት ቢደናቀፍ ከጎኑ የሚሄድ የማያውቀው መንገደኛ «ሶሪ!» ይለዋል። መንገደኛው አልገፋውም፤ እግሩንም አልረገጠውም፤ እንቅፋቱንም በመንገዱ ላይ ያስቀመጠው እርሱ አይደለም። ከለንደን የመጣ እንግዳ ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል፤ «አንተ ምን አጠፋህና?» ለማለትም ይቃጣዋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የመጣው ሰው ግን ነገሩ ብዙም አይገርመው። በአገሩ ሰው ሲወድቅ ያየ ሁሉ «እኔን!» ይላልና። «እኔን» ያለ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ አይደለም፤ ያገኘህ ነገር በአንተ ፈንታ እኔን ባገኘኝ ማለቱ ነው።

የናይሮቢው «ሶሪ» የእንግሊዝኛ ልብስ የለበሰ ስዋሂሊ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከበስተኋላው «ፖሌ» የሚለው ቃል ቆሟል። «ፖሌ» ለታመመ፣ ለደከመ፣ ሐዘን ለደረሰበት፣ ማታቱ ውስጥ ሲገባ ራሱን ለተመታ ሁሉ የሚባል የማጽናኛ ቃል ነው። በድሎ ምሕረት የሚሻ ሰው ግን «ፖሌ» ብቻ ብሎ አይወጣውም፤ «ሳማሃኒ» ይላል፤ ነገሩ ከበድ ሲልም «ናኦምባ ምሳማሃ»፣ ይቅርታ እለምናለሁ ይላል። እነዚህ ሁለቱ ቸርነትንና መፍቀድን ከሚያመለክት የዐረብኛ ሥር የተገኙ ናቸው። ስዋሂሊ ለየብቻ ቤት የሠራላቸውን ሁለት ነገሮች እንግሊዝኛ በአንድ ጣሪያ ሥር አኖራቸው።

ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በተተወ ነበር። ዳሩ ግን በዚህች ከተማ ውስጥ በአንዲት ቃል ትርጉም ላይ የሺዎች አረጋውያን ክብር፣ የመንግሥታት ካሳና የአንድ ሕዝብ ታሪክ ተንጠልጥሎ ታይቷል። ጥያቄውም የሚከተለው ነው፤ የበደለ ሰው፣ ወይም የበደለ መንግሥት፣ «አዝናለሁ» ቢል ይቅርታ ጠየቀ ይባላልን?

አንድ ቃል፣ ብዙ ጓዝ

«ሶሪ» ከእንግሊዝኛ ጥንታውያን ቃላት አንዱ ነው። ሥሩ ቁስልንና ሕመምን ከሚያመለክት ቃል ጋር የተያያዘ ሲሆን በመነሻው የታመመ፣ ልቡ የቆሰለ ማለት ነበር። ስለዚህም ቃሉ ከመጀመሪያው ስለ ተናጋሪው ስሜት እንጂ ስለ ተበዳዩ መብት የሚናገር አልነበረም። ዛሬ የተሸከመው ጓዝ ግን ብዙ ነው። ሐዘን ቤት ለሚገባ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንደ ማለት ያገለግላል። ያልተሰማን ንግግር ለማስደገም «ምን አሉኝ?» ይሆናል። በሰው መካከል ለማለፍ «ያሳልፉኝ» ይሆናል። ከቢሮ መስኮት ጀርባ ሲነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ «አይሆንም፣ ሌላ ቀን ይመለሱ» ማለት ነው። የተጎሳቆለና የሚያሳዝን ነገር ሁኔታውም በዚሁ ቃል ይገለጻል። «በድያለሁና ይቅር በለኝ» የሚለው ትርጉም በዚህ ሁሉ ሰልፍ መካከል አንዱ ብቻ ነው።

የ«ሶሪ» ተመሳሳይ የሚባሉት ቃላትም ቀረብ ብለው ሲታዩ ተመሳሳይ አይደሉም። «ሪግሬት» ከጥንቱ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ለሞተ ሰው ማልቀስን ያመለክት ነበር፤ ዛሬ አንድ ነገር ባልሆነ ብሎ መመኘትን ይናገራል። ባልሆነ ብሎ ለመመኘት ግን ማን እንዳደረገው መናገር አያስፈልግም፤ በድርቅም በጎርፍም «ሪግሬት» ይሰማል። «አፖሎጂ» በበኩሉ ከግሪክ የተወረሰ ሲሆን የመነሻ ትርጉሙ የዛሬው ተቃራኒ ነው፤ በፍርድ አደባባይ ራስን መከላከል ማለት ነበር። ፕላቶን በዚሁ ስም በጻፈው ድርሰት ውስጥ ሶቅራጥስ ከቶ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ለአቴና ዳኞች የመከላከያ ቃሉን ይሰጣል እንጂ። ቃሉ ጥፋትን የማመን ትርጉም ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሆኖም የጥንት ጠባዩን ፈጽሞ የተወ አይመስልም፤ «ይቅርታ፣ ነገር ግን» ብሎ የሚጀምር ሰው ሁሉ ከ«ነገር ግን» በኋላ ወደ መከላከያው ይመለሳልና። «ፓርደን» ደግሞ ፈጽሞ መስጠት ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ በመሆኑ ከሌሎቹ ይለያል። ሰጪና ተቀባይ ያለው ቃል ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 በመጽሐፍ በታተሙት ትምህርቶቹ፣ አንዳንድ ንግግሮች ነገርን የሚገልጹ ሳይሆኑ ራሳቸው ድርጊት መሆናቸውን አሳይቷል። «ቃል እገባለሁ» ያለ ሰው ስለ ቃል ኪዳን ወሬ አላወራም፤ በዚያው ቅጽበት ቃል ገባ። ይቅርታ መጠየቅንም ኦስቲን ከእነዚህ መካከል ይቆጥረዋል። «ሶሪ» ማለትን ግን ከድርጊቱና ስሜትን ከመግለጹ መካከል ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። የፖለቲካ ሰዎችና የሕግ አማካሪዎች ይህን ፈላስፋ ያንብቡት አያንብቡት እንጃ፣ በዚህች ክፍተት መጠቀምን ግን በሚገባ ያውቃሉ።

የአማርኛው አከፋፈል

አማርኛ ድርጊቶቹን ለያይቶ የማስቀመጥ ዕድል አለው። «እኔን» እና «አይዞህ» የአላፊ አግዳሚ ቃላት ናቸው። «አዝናለሁ» የልብን ሁኔታ ይናገራል። «ጸጸት» የራስን ሥራ ወደ ኋላ ተመልክቶ መቃጠል ነው። «አጥፍቻለሁ» በራስ ላይ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። «ካሳ» የጎደለውን መሙላት ነው። «ይቅርታ» ደግሞ ከነዚህ ሁሉ ተለይቶ ጥያቄ ነው።

ቃሉ ከተሠራበት ግስም ይኸው ይነበባል። «ይቅር» ማለት ይተው፣ ወደ ኋላ ይቆይ፣ ከእንግዲህ አይከተል ማለት ነው። የሚቀረው ምንድን ነው ቢሉ፣ የበዳዩ ዕዳና የተበዳዩ ቂም ነው። ታዲያ ዕዳ ያለበት ሰው «ዕዳዬ ቀርቷል» ብሎ ራሱን ሊያሰናብት አይችልም፤ የማስቀረቱ ሥልጣን የባለ ገንዘቡ ነው። ሰው ይቅርታን «የሚጠይቀው» እና «የሚለምነው» ስለዚህ ነው። ከጠየቀም በኋላ ዝም ብሎ መቆም ይገባዋል፤ መልሱ «ይቅር ብዬሃለሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ገና ነው» ወይም «አይሆንም»ም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሐዘንን በመግለጽና ይቅርታን በመጠየቅ መካከል ያለው ልዩነት የቃሉ ጥንካሬ አይደለም። «እጅግ በጣም አዝናለሁ» የሚለው ንግግር «አዝናለሁ» ከሚለው ይጠነክራል፤ ወደ ይቅርታ ግን አንድ ስንዝር አይጠጋም። ልዩነቱ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ያዘነ ሰው ሐዘኑን ተናግሮ ሊሄድ ይችላል። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ግን ራሱን በበደለው ሰው እጅ አኑሯል።

ሁለት መታሰቢያዎች

የናይሮቢ ነዋሪ ይህን ልዩነት በእግሩ ተጉዞ ሊያየው ይችላል። የሞይ ጎዳና በኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ስም ከሚጠራው ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የነሐሴ 7 መታሰቢያ መናፈሻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ የፈረሰበት ስፍራ ነው። በዚያች ዕለት በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቆስለዋል፤ ከሟቾቹ የሚበዙትም ለዕለት ሥራቸው የወጡ ኬንያውያን ነበሩ። የሟቾች ስም በተጻፈበት ግድግዳ ፊት ለቆመ ቤተሰብ አንድ እንግዳ «ሶሪ» ወይም «ፖሌ» ቢል ቃሉ ሙሉ ነው። የጎደለው ነገር የለም። ተናጋሪው አልበደለምና ዕዳ የለበትም፤ ያለውን ማለትም ሐዘኑን አካፍሏል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ተጉዞ የኡሁሩ አውራ ጎዳናን የተሻገረ ሰው ደግሞ በኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ሌላ መታሰቢያ ያገኛል። አንዲት ሴት ለማው ማው ተዋጊ ምግብ ስታቀብል የሚያሳይ ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2015 የተመረቀው ይህ መታሰቢያ በቅኝ ግዛት ዘመን ለተሠቃዩት ሰዎች በብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ የተሠራ ነው።

ወደዚህ ሐውልት ያደረሰው መንገድ ረጅም ነበር። የቅኝ ገዢው መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ካወጀ በኋላ እጅግ ብዙ ኬንያውያን በእስር ሰፈሮች ታጉረው ተገረፉ፤ ተሠቃዩ። የማው ማው መሪ ደዳን ኪማቲ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 1957 ተሰቀለ። ነጻነት ከተገኘ በኋላ እንኳ የማው ማው ስም በሕግ እንደ ታገደ ቆይቶ እገዳው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ዛሬ በመሃል ከተማ በስሙ በሚጠራው ጎዳና ላይ የሚታየው የኪማቲ ሐውልትም የቆመው ከሞተ 50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አረጋውያን ኬንያውያን በለንደን ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። የብሪታንያ መንግሥት ጊዜው አልፏል ብሎ ቢከራከርም ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ጉዳዩ ሊታይ ይችላል ሲል ወሰነ።

ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 2013፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግ በፓርላማ ቆመው ኬንያውያን በቅኝ አስተዳደሩ እጅ መሠቃየታቸውን መንግሥታቸው እንደሚያውቅ ተናገሩ። ለ5,228 ከሳሾች የሚከፈል፣ የጠበቆችን ወጪ ጨምሮ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ መመደቡንም አስታወቁ። ለድርጊቱ የመረጡት ቃል ግን «ሪግሬት» ነበር፤ የዛሬው መንግሥት በሕግ ተጠያቂ አለመሆኑንም በዚያው ንግግር ውስጥ አጠበቁ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2023፣ ንጉሥ ቻርልስ በናይሮቢ ቤተ መንግሥት በተደረገላቸው ግብዣ ላይ ስለ ቅኝ ግዛቱ ዘመን በደል ታላቅ ሐዘንና ጥልቅ ጸጸት እንደሚሰማቸው፣ ለተፈጸመውም ግፍ ምንም ምክንያት ሊቀርብለት እንደማይችል ተናገሩ። የኬንያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን የተባለው ድርጅት ከጉብኝቱ አስቀድሞ የጠየቀው ግልጽ ይቅርታ ግን ከአፋቸው አልወጣም።

ፍርድን ከመስጠት በፊት ለእነርሱም የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። ንጉሡ በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚናገሩት መንግሥታቸው በሚመክራቸው መሠረት ነው። ሐዘናቸውም የታይታ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ይሁንና ቃሉ ልክ የነሐሴ 7 መናፈሻ ቃል ነበር። ሌላ ሰው ያደረሰውን ጉዳት አይቶ የሚያዝን እንግዳ የሚናገረው ቃል ነበር። የገፋው ወገን እንደ አላፊ አግዳሚ ተናገረ። ችግሩ በዚህ ላይ ነው፤ ሐዘኑ ትንሽ በመሆኑ ሳይሆን ተናጋሪው የቆመበት ስፍራ የእርሱ ባለመሆኑ።

«እኛ አላደረግነውም» የሚለው መከላከያ ቀላል አይደለም። አባት የሠራውን ልጅ አይጠየቅበትም የሚለው ሐሳብ የፍትሕ መሠረት ነውና። ነገር ግን መንግሥት ከሰው ዕድሜ የሚረዝም ሰውነት አለው። ከመቶ ዓመት በፊት የፈረመውን ውል የእኔ ነው ይላል፤ የድሮ ብድሩን ይከፍላል፤ የድሮ ድሉንም በየዓመቱ ያከብራል። ሀብቱንና ክብሩን የወረሰ ወራሽ ዕዳውን ብቻ ለይቶ «ይህ የሟቹ ነው» ሊል አይችልም።

ከቃሉ የሚያሸሸው ምንድን ነው?

አንድ ቃል ለማለት ይህን ያህል የሚያስፈራ ምን አለ? ከመልሱ ገሚሱ ገንዘብ ነው። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ጥፋቱን አምኗል፤ ጥፋቱን ያመነ ሰው ይከፍላል የሚል ስጋት አለ። በአንዳንድ አገሮች ይህን ፍርሃት ለማስቀረት ሕግ ወጥቷል፤ የእንግሊዝና የዌልስ የእ.ኤ.አ. 2006 የካሳ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ቸልተኝነትን እንደ ማመን አይቆጠርም ይላል፤ በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገርም እ.ኤ.አ. በ2009 የይቅርታ ሕግ አውጥቷል። ሕጎቹ የታሰሩ አንደበቶችን እንደሚፈቱ ተስፋ ተደርጓል። በሌላ በኩል ምንም ዋጋ የማያስከፍል ይቅርታ ለተበዳዩ ምን ይዞለት ይመጣል የሚል ጥያቄም አስከትለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ክብር ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ከቻይና ተዋጊ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ቻይናዊው አብራሪ ሲሞት፣ በሃይናን ደሴት የተያዙት 24 አሜሪካውያን የተለቀቁት ስለ አብራሪው መሞትና ያለ ፈቃድ ስለ ማረፋቸው «በጣም ሶሪ» የሚል ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ ነበር። አሜሪካ ይህ ይቅርታ አይደለም አለች፤ ቻይናም ቃሉን በራሷ ቋንቋ ወደ ይቅርታ በሚጠጋ ቃል ተርጉማ ለሕዝቧ አሰማች። ሁለቱ ወገኖች በአንዲት ቃል ጥላ ሥር ተለያይተው ተስማሙ።

በአውስትራሊያ ግን «ሶሪ» ራሱ የከበደው ቃል ሆነ። ከወላጆቻቸው በመንግሥት ተነጥቀው ስላደጉት የነባር ሕዝቦች ልጆች ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1999 ጥልቅ ጸጸት የሚል ውሳኔ በምክር ቤቱ ሲያጸድቁ «ሶሪ» የሚለውን ቃል ሳይጠቀሙ ቀሩ። ተተኪያቸው ኬቪን ራድ እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 2008 በዚያው ምክር ቤት ቆመው መንግሥትና ፓርላማው ያወጧቸውን ሕጎች እየጠቀሱ ያንኑ ቃል ደጋግመው ተናገሩት። በናይሮቢ ጎዳና ለማንም የሚወረወር ቃል በካንቤራ አገር ያስለቀሰው በመዝገበ ቃላት ትርጉሙ አይደለም። ተናጋሪው ማን እንዳደረገው፣ ምን እንዳደረገና በማን ላይ እንዳደረገው አብሮ ስለ ተናገረ ነው።

ቃል ያለ ገንዘብ፣ ገንዘብ ያለ ቃል

እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ ሰው ሊነሣና «የቃል ነገር የምሁራን ጨዋታ ነው፤ ለደሃ ተበዳይ የሚጠቅመው ካሳው ነው» ሊል ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የናይሮቢ መሃል ከተማም ምስክር ይሆንለታል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያውቁት፣ በኬንያታ ጎዳናና በኡሁሩ አውራ ጎዳና ማዕዘን የቆመው ኒያዮ ሃውስ፣ በምድር ቤቱ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የፖለቲካ እስረኞች የተሠቃዩባቸው ክፍሎች ነበሩት። ከላይ ፎቅ ማኅተም ሲመታ ከታች ሰው ይገረፍ ነበር። የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ባስረከበው ዘገባ ርእሰ ብሔሩ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቁ አሳሰበ። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታም እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2015 እዚያው መሃል ከተማ ባለው ፓርላማ ስለ ራሳቸው፣ ስለ መንግሥታቸውና ስላለፉት መንግሥታት ሁሉ በግልጽ ይቅርታ ጠየቁ። በ3 ዓመት ውስጥ 10 ቢሊዮን ሽልንግ ለተጎጂዎች እንዲመደብም አዘዙ። ይሁን እንጂ ከሥልጣን እስከ ለቀቁበት እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ያ ገንዘብ ለተጎጂዎች ሳይከፋፈል ቀረ።

ስለዚህ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ጉድለቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። ብሪታንያ ገንዘቡን ከፍላ ቃሉን ነፈገች። የኬንያ መንግሥት ቃሉን ሰጥቶ ገንዘቡን አዘገየ። የትኛው ይሻላል? ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ የሚጨነቅ አረጋዊ የመጀመሪያው ይሻላል ቢል ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ይሁን እንጂ ያለ ቃል የተሰጠ ገንዘብ ምጽዋት ወይም የክርክር መዝጊያ ይመስላል፤ ተቀባዩ ባለ መብት ይሁን ተመጽዋች አይለይም። ያለ ገንዘብ የተሰጠ ቃል ደግሞ እየዋለ ሲያድር ከአንገት በላይ መሆኑ ይገለጣል። ቃሉ ለገንዘቡ ስሙን ይሰጠዋል፤ ገንዘቡም ቃሉን እውነት ያደርገዋል። የአገር ሽማግሌዎች ዕርቅን ያለ ካሳ፣ ካሳንም ያለ ዕርቅ የማይወዱት ይህን በልምድ ስለሚያውቁ ነው።

የራስ ቋንቋ ወጥመድ

የእንግሊዝኛን ቃል ድክመት ከዘረዘሩ በኋላ የአማርኛውን አወድሶ መተው ቀላል ነበር። ግን የራስ ቤትም ጣሪያ ያፈስሳል። «ይቅርታ» በአማርኛ በዳዩ የሚለምነውም፣ ተበዳዩ የሚሰጠውም፣ መንግሥት ለተፈረደበት ሰው የሚያደርገውም ነው። ሦስቱን የሚለየው «መጠየቅ» እና «ማድረግ» የሚሉት ረዳቶች ብቻ ናቸው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አለመሆኑን የቅርብ ዘመን ታሪክ አሳይቷል። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደባቸው የቅንጅት መሪዎች ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው የይቅርታ ጽሑፍ ከተፈረመ በኋላ በዚያው ወር ተፈቱ። ለመንግሥት ጽሑፉ ጥፋተኞች ጥፋታቸውን አምነው በሕግ መሠረት ያቀረቡት ልመና ነበር። ከፈረሙት መካከል ነገሩን በሽማግሌ እንደ ተደረገ ዕርቅ ያዩት ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ስለ ይቅርታው አሰጣጥ በውጭ አገር በተናገሩት ቃል የተነሣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተሽሮ እንደገና ታሰሩ፤ የተፈቱትም በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። የአንዲት ቃል ሁለት ትርጉም ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ እስር አስከፈለ። የፖለቲካውን ክርክር ሁሉም በየፊናው ይፈርድበት ዘንድ ትቶ፣ አንድ ነገር ግን መገንዘብ ይቻላል፤ ኃያሉ ወገን ደካማውን ይቅርታ ሲያስጠይቅ ቃሉ ዕዳን ማስቀረቱ ይቀርና ዕዳን መጫኛ ይሆናል።

ሌላው ወጥመድ በቤትና በሰፈር ያለ ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው የተከበረ ቃል ብዙ ደም አድርቋል፤ ብዙ ትዳርም አቁሟል። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌዎች በዳዩ ጥፋቱን ስሙን ጠርቶ ሳይናገር፣ ካሳም ሳያነሣ ተበዳዩን «በል እንግዲህ ይቅር በል» ብለው ያጣድፉታል። እምቢ ያለ እንደሆነም ልበ ደንዳና፣ ቂመኛ ይባላል። ያን ጊዜ ጥያቄ የነበረው ነገር ትእዛዝ ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ተረት ተበዳዩን ለመውቀስ የተነገረ አይደለም፤ የማስታወስ መብት የማን እንደሆነ የሚያመለክት ነው። «አይሆንም» የማለት ነጻነት የሌለው ሰው «ይቅር ብያለሁ» ቢል ቃሉ የእርሱ ቃል አይደለም።

በሦስት ቋንቋዎች መካከል

የናይሮቢ ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ጋር በየዕለቱ ይኖራሉ። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛን፣ በጎዳና ስዋሂሊን፣ በቤት አማርኛን ይናገራሉ። ታናሹን የመታ ልጅ «ሶሪ!» ብሎ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። እናት ግን «ይቅርታ ጠይቀው» ትለዋለች። ልጁ «ብያለሁ እኮ!» ይላል፤ አልዋሸም፤ በሚያውቀው ቋንቋ ነገሩ አልቋል። እናትም የምትፈልገውን ነገር ስሙን ለመጥራት ይቸግራታል። የምትፈልገው ልጁ ተመልሶ በወንድሙ ፊት ቆሞ «መትቼሃለሁ» እንዲል፣ ከዚያም መልሱን እስኪሰማ እንዲቆይ ነው።

ይህ ትምህርት አንዱን ቋንቋ አንሥቶ ሌላውን መጣልን አይጠይቅም። የ«ፖሌ»ን ቸርነት፣ የማያውቁት ሰው ሲደናቀፍ የሚወጣውን «ሶሪ»፣ ከናይሮቢ መማርና ማቆየት ይገባል፤ ያልበደለ ሰው ለተጎዳ ሰው ማዘኑ የከተማ ኑሮን የሚያለሰልስ ታላቅ ነገር ነውና። የሚያስፈልገው መለየት ብቻ ነው። ሲያልፍ ያየ ሰው «እኔን» ይበል። የገፋ ሰው ግን ምን እንዳደረገ ይናገር፤ የሰበረውን ይጠግን፤ ይቅርታም ይለምን።

በኢትዮጵያውያን ቤት ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ ልጅ አባቱን፣ ታናሽ ታላቁን፣ ሠራተኛ አሠሪዋን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ያለ ጥፋቱ የተቆጣውን ልጁን ጠርቶ «ልጄ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ብሎ መልሱን በትዕግሥት የሚጠብቅ አባት ብዙ አይገኝም። ያን የሚያደርግ አባት ክብሩ አይቀንስበትም። ልጁም የ«ሶሪ»ንና የ«ይቅርታ»ን ልዩነት ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይልቅ ከእርሱ ይማራል።